አርቲኤክስ 3060 ባለ12 ጊጋባይት ወይስ አርኤክስ 6600? ለኤዲቲንግ፣ ለጌምና ለአማርኛ ሞዴል የሚሆን አንድ ካርድ

ሰሚት_72

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሁለቱ ካርዶች በተናጠል የተጻፈውን አንብቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ካርድ ገዝቶ ለሦስት ዓይነት ሥራ ለማዋል ለሚያስብ ሰው የሚሆን መልስ ስላላገኘሁ ይህን ክር ከፍቻለሁ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራምና የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ግራፊክስ ካርዱ ግን ባለ2 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1050 ነው። በፕሪሚየር ላይ ቀለሙ የተስተካከለ የ4ኬ ቪዲዮ ላይ ሁለት ሦስት ኢፌክት ስደርብበት የካርዱ ሚሞሪ ይሞላና ሬንደሩ በፕሮሰሰሩ ብቻ መሄድ ይጀምራል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ እቀርጻለሁ፤ ሌላውን ቀን ኤዲት አደርጋለሁ። ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጌም እንጫወታለን። ከዚህ በተጨማሪ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነቡና የሚጽፉ ትንንሽ ሞዴሎችን ማሠልጠን እየተማርኩ ነው። ስክሪኔ 1080ፒ ሲሆን ወደፊት 1440ፒ የመግዛት ሐሳብ አለኝ። ካርዱ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሚላክልኝ አንዴ ከገባ በኋላ መልሶ መለወጥ አይቻልም። በተነገረኝ ዋጋ አርኤክስ 6600 ከአርቲኤክስ 3060 በሩብ ያህል ይረክሳል። የምጠይቀው ይህንን ሩብ ዋጋ ባተርፍ ምን እንደሚቀርብኝ ነው።

ሽቦና_ብረት

በመጀመሪያ የሁለቱን ካርዶች አሠራር ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በጌምም ሆነ በሥራ ላይ የሚታየው ልዩነት የሚመነጨው ከዚያ ነው። አርቲኤክስ 3060 በፈረንጆቹ የካቲት 2021፣ አርኤክስ 6600 ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ለገበያ ሲቀርቡ የሁለቱም መነሻ ዋጋ 329 ዶላር ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ኩባንያዎች፣ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ፣ ራሳቸው እንደ እኩያ የቆጠሯቸው ካርዶች ናቸው፤ የዋጋ ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው።

አርቲኤክስ 3060 ሚሞሪውን የሚያገኘው በ192 ቢት መስመር ነው። እያንዳንዱ የሚሞሪ ቺፕ 32 ቢት ስለሚይዝ በካርዱ ላይ ስድስት ቺፖች ይቀመጣሉ፤ ቺፖቹ ባለ1 ጊጋባይት ቢሆኑ ካርዱ 6 ጊጋባይት ብቻ ይኖረው ነበር፣ ባለ2 ጊጋባይት ሲሆኑ ደግሞ 12 ይሆናል። ኤንቪዲያ 12ን በመምረጡ ይህ ካርድ ከእርሱ በላይ ካለውና 8 ጊጋባይት ብቻ ከያዘው አርቲኤክስ 3060 ቲአይ የበለጠ ሚሞሪ ይዞ ወጣ። በሰከንድ የሚያስተላልፈው መረጃ 360 ጊጋባይት ሲሆን እስከ 170 ዋት ይወስዳል።

አርኤክስ 6600 በአንጻሩ 128 ቢት መስመር፣ አራት ቺፖችና 8 ጊጋባይት አለው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 224 ጊጋባይት ነው። ኤኤምዲ ይህንን ጉድለት የሞላው ኢንፊኒቲ ካሽ በተባለ 32 ሜጋባይት ፈጣን ማከማቻ ነው። በ1080ፒ በተደጋጋሚ የሚፈለገው መረጃ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ስለሚገኝ ካርዱ ወደ ዋናው ሚሞሪ የሚሄድበት ጊዜ ይቀንሳል። የስክሪኑ ጥራት ወደ 1440ፒ ሲያድግ ግን ካሹ ስለማይበቃ የመስመሩ ጥበት መሰማት ይጀምራል። የኃይል ፍጆታው 132 ዋት ብቻ መሆኑ እውነተኛ ብልጫው ነው፤ ይህም የ7 ናኖሜትር ቺፑ በሚገባ የተሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ስለ ማዘርቦርድዎ አንድ ነገር ልጨምር። ቢ450 ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። አርቲኤክስ 3060 አሥራ ስድስቱንም መስመር ይጠቀማል፤ አርኤክስ 6600 ግን የተሠራው በስምንት መስመር ብቻ ነው። በአዲስ 4.0 ቦርድ ላይ ይህ ችግር አይሆንም። በእርስዎ ቦርድ ላይ ግን የመተላለፊያው አቅም በግማሽ ይወርዳል። በአብዛኛው ጌም የሚያስከትለው ቅናሽ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን 8 ጊጋባይቱ ሞልቶ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ራም መበደር ሲጀምር ጥበቱ በግልጽ ይታያል።

ቀለበት_መንገድ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠያቂው ዋጋውን አቅልለው እንዳያዩት እሰጋለሁ። በ1080ፒ፣ ያለ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚሠራ ዘዴ)፣ ሁለቱ ካርዶች የሚሰጡት ፍሬም ይህን ያህል አይራራቅም። በአንዳንዱ ጌም አርቲኤክስ 3060 በጥቂት በመቶ ይቀድማል፣ በሌላው አርኤክስ 6600 ይቀድማል፣ በብዙዎቹ ደግሞ ቆሞ በዓይን ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። የእግር ኳስ ጌም፣ ፎርትናይትና ካውንተር ስትራይክ 2 ለሚጫወት ሰው ሩብ ዋጋ ጨምሮ ተመሳሳይ ምስል መግዛት ምክንያት የለውም፤ በተረፈው ገንዘብ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ቢገዛበት ኮምፒውተሩ በሁሉም ሥራ ላይ ይፈጥናል።

ሬይ ትሬሲንግን በተመለከተ አርቲኤክስ 3060 እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን በዚህ ደረጃ ባለ ካርድ ሳይበርፐንክ 2077ን የመሰለ ጌም ሬይ ትሬሲንጉን ከፍቶ መጫወት ሌሎቹን ቅንብሮች ሁሉ ዝቅ ማድረግን ይጠይቃል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ብልጫ በተጫዋቹ እጅ ሲገባ ያንሳል።

የኃይሉም ነገር አለ። 38 ዋት ልዩነት በመብራት ክፍያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው፤ በዩፒኤስ ላይ ግን ያው አይደለም። በየሱቁ የሚሸጡት ባለ650 ቪኤ ዩፒኤሶች የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አንድ ላይ በተሰኩበት ሰዓት እያንዳንዱ ዋት ፋይል ለማስቀመጥ የሚተርፈውን ጊዜ ያሳጥራል።

እንጦጦ_ቪዲዮ

እኔ የምናገረው በየቀኑ ከምሠራው ሥራ ተነሥቼ ነው፤ የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ለኤዲቲንግ 12 ጊጋባይቱ በቀጥታ የሚያስፈልግ ነገር ነው። በ4ኬ ታይምላይን ላይ የኖይዝ ማጽጃ፣ የቆዳ ቀለም እርማትና የዝግታ ኢፌክት ሲደራረቡ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ 8 ጊጋባይት ሞልቶ የጂፒዩ ሚሞሪ አልቋል የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማየት የተለመደ ነው። ማስጠንቀቂያው በሬንደሩ መካከል ከመጣ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ሙሽሮቹ ፊልማቸውን በሚጠብቁበት ዋዜማ ይህ ከፍሬም ቁጥር በላይ ያስጨንቃል።

ይሁን እንጂ ጠያቂው ከሁለቱም ካርዶች ሊጠብቁት የማይገባ ነገር አለ፤ ይህንንም ሻጮች አይናገሩም። አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች የሚቀርጹት 10 ቢት 4፡2፡2 ቪዲዮ (ከተለመደው 4፡2፡0 የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዝ) በአርቲኤክስ 3060ም ሆነ በአርኤክስ 6600 ሃርድዌር አይፈታም። ኤንቪዲያ ይህንን የጨመረው በ50ኛው ተከታታይ ካርዶቹ ላይ ነው። ኢንቴል ደግሞ በ11ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ በመጡት ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የኤች.265ቱን ዓይነት ይፈታዋል። የእርስዎ ራይዘን 3600 ግን ከነጭራሹ የውስጥ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ በዚህ ፎርማት የሚቀርጹ ከሆነ የትኛውንም ካርድ ቢገዙ ቪዲዮው ሲጫወት መንተባተቡ አይቀርም። መፍትሔው ማታ ፋይሎቹን ወደ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ጊዜ ብቻ ወደሚያገለግል ቀላል ቅጂ) ቀይሮ ማደር ወይም በ4፡2፡0 መቅረጽ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ካርድ ቀይረው ለውጥ ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በማስወጣት በኩል የኤንቪዲያው የቪዲዮ መጭመቂያ ኤንቬንክ በዝቅተኛ ቢትሬት የሚሰጠው የኤች.264 ጥራት ከኤኤምዲው ይሻላል። ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ በየቀኑ የሚልክ ወይም በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው በፊት ገጽታና በነጭ ቀሚስ ጥለት ላይ ልዩነቱን ያየዋል። ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ለርዕስና ለሎጎ እጠቀማለሁ፤ በዚያ ላይ ኦፕቲክስ የተባለው የኤንቪዲያ መንገድ ስላለ አርቲኤክስ 3060 በሬንደር ፍጥነት አርኤክስ 6600ን እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይቀድመዋል። እዚህ ላይ ሁለቱን እኩያ ብሎ መጥራት አይቻልም።

ሰሚት_72

ስለ ዝርዝር ማብራሪያችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። የ4፡2፡2ን ጉዳይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፤ ካሜራዬ የሚቀርጸው በዚሁ ስለሆነ ከአሁን በኋላ ፕሮክሲ እጠቀማለሁ። ሦስተኛውን ሥራ በተመለከተ ግን ጥያቄዬ ይቀጥላል። ሞዴል ለማሠልጠን ኤኤምዲ ፈጽሞ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ይሠራል የሚሉም አሉ። በተግባር የሞከረ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ፊደል_በፊደል

በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ ያለውን ላስረዳዎት። የኤኤምዲ የስሌት ሶፍትዌር ሮክም ይባላል፤ በይፋ በሚደግፋቸው ካርዶች ዝርዝር ውስጥ አርኤክስ 6600 አልገባም። በሊኑክስ ላይ ካርዱን የትልቁ ወንድሙን መለያ አስይዞ ሶፍትዌሩን እንዲቀበለው ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰዎች አድርገውታል፣ ሠርቷልም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ማሻሻያ ጊዜ ነገሩ እንዳይበላሽ መስጋት አለ፤ ስህተት ሲመጣ ደግሞ የስህተቱ ምንጭ የእርስዎ ኮድ ይሁን ወይስ ያ የተዋሰው መለያ ለመለየት ይቸግራል። ገና እየተማረ ላለ ሰው ይህ ከባድ ጫና ነው። በኤንቪዲያው የስሌት ሶፍትዌር በኩዳ በኩል ግን ፓይቶርችን (ሞዴል የሚሠለጠንበትን መሣሪያ) ጭኖ ወዲያው ሥራ መጀመር ይቻላል፤ በየመማሪያው የሚቀርበው ምሳሌም አብዛኛው ለኩዳ የተጻፈ ነው።

ሚሞሪውን ደግሞ በቁጥር እንመልከተው። ባለ7 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የሚማራቸው ቁጥሮች) ሞዴል በ16 ቢት ሲቀመጥ ለፓራሜትሮቹ ብቻ 14 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ካርዶች ውጭ ነው። ወደ 4 ቢት ሲታመቅ ወደ 4 ጊጋባይት ገደማ ይወርዳል፤ ለማስኬድ ብቻ ከሆነ በ8 ጊጋባይትም ይገባል። ለማሠልጠን ሲሆን ግን ተጨማሪ ንብርብሮቹ፣ ግራዲየንቶቹ (ፓራሜትሮቹ ወዴት መስተካከል እንዳለባቸው የሚያሳዩት ቁጥሮች)ና በየደረጃው የሚያዙት መካከለኛ ውጤቶች የየራሳቸውን ቦታ ይወስዳሉ። በ8 ጊጋባይት ላይ በጣም አጫጭር ጽሑፎችን ካልሰጡት በስተቀር ይሞላል፤ በ12 ጊጋባይት ላይ ግን መተንፈሻ ይገኛል። በ4 ቢት የታመቁ የ13 እና የ14 ቢሊዮን ሞዴሎችም 8 እና 9 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆኑ ማስኬድ የሚቻለው በአርቲኤክስ 3060 ላይ ብቻ ነው።

አማርኛ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ይህንን እንግሊዝኛ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አያነሡትም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ስልት) ሦስት ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል አምስት ፊደል ቢሆንም 15 ባይት ነው። የሞዴሉ ቶክናይዘር (ጽሑፉን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፋፍለው ክፍል) አማርኛን በሚገባ ካልተማረ ቃሉን ወደ ባይቶች እስኪሰባብረው ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ አንድ ወይም ሁለት ቶክን የሚሆነው ነገር በእኛ ቋንቋ አሥር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አንድ አንቀጽ አማርኛ የአንድ ገጽ እንግሊዝኛን ያህል ቦታ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። የጽሑፉ ርዝመት በቶክን ሲያድግ መካከለኛ ውጤቶቹ የሚይዙት ሚሞሪ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ከውጭ አገር ሰው «8 ጊጋባይት በቃኝ» የሚል ምስክርነት ሲያነቡ በምን ቋንቋ እንደሠራ ይጠይቁ። በእኔ አስተያየት በእኛ ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪዎቹ 4 ጊጋባይቶች የሩብ ዋጋውን ልዩነት ብቻቸውን ይሸፍናሉ።

ቀለበት_መንገድ

ፊደል_በፊደል ያቀረቡት ነገር ለእኔ አዲስ ነው፤ የሚያሳምንም ነው። ሦስቱንም ሥራ ለሚሠራ ሰው አርቲኤክስ 3060 ይመረጥ ቢባል አልቃወምም። የእኔ ሐሳብ የሚጸናው ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው ነው፤ ይህንን ክር ወደፊት የሚያነቡ ብዙዎቹ ደግሞ እንደዚያ ያሉ ስለሚሆኑ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ጌም ብቻ ከሆነ፣ ስክሪኑም 1080ፒ ከሆነ፣ አርኤክስ 6600 በገንዘቡ ልክ የሚያገለግል ታማኝ ካርድ ነው። ኤኤምዲ ኤፍኤስአር 3ን (ምስል የሚያሳድግና በፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም የሚጨምር ሶፍትዌሩን) ለሁሉም ካርዶች ክፍት ስላደረገው ሰው ሠራሽ ፍሬም በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ የኤንቪዲያው የራሱ የፍሬም ማመንጫ ግን በ30ኛው ተከታታይ ላይ አይሠራም፣ 40ኛውንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ሽቦና_ብረት

የመጨረሻው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምስል አሳዳጊውን ከፍሬም ማመንጫው መለየት ያስፈልጋል። በ2025 መጀመሪያ የወጣው አዲሱ የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ 4 ምስል አሳዳጊ (በዝቅተኛ ጥራት የተሠራን ምስል የሚያሳድግ) አርቲኤክስ 3060ን ጨምሮ በሁሉም የአርቲኤክስ ካርዶች ላይ ይሠራል፤ የምስሉ ጥራትም ከቀድሞው በግልጽ ተሻሽሏል። ኤኤምዲ ግን ኤፍኤስአር 4ን ይዞ ሲመጣ በይፋ የደገፈው አዲሶቹን የ9000 ካርዶች ብቻ ነበር። በተጨማሪም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የ5000 እና የ6000 ካርዶቹን ድራይቨር ከአዲሶቹ ለይቶ በሌላ ቅርንጫፍ አስቀምጦታል። ካርዶቹ ነገ አይሠሩም ማለት አይደለም፤ የኩባንያው ትኩረት ወደየት እንደሚሄድ ግን ያሳያል። የእርስዎ ጂቲኤክስ 1050ም ከኤንቪዲያ በኩል በ2025 መጨረሻ ከመደበኛው የጌም ድራይቨር ወጥቷል፤ ስለዚህ መቀየሩ ወቅቱን የጠበቀ ነው።

ዲሲ_ነዋሪ

እኔ የምጨምረው ስለ ግዢው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚህ በፊት 200 ዶላር የነበረ ካርድ ከ11,400 ብር ወደ 20,000 ብር በላይ ሄደ ማለት ነው፤ የካርዱ ዋጋ በዶላር ሳይቀየር። ብዙ ወገኖቻችን ፊታቸውን ወደ አገልግሎት የሰጡ ካርዶች ያዞሩት ለዚህ ነው፤ ጥንቃቄ ካለበት እኔም እደግፈዋለሁ።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በፈረንጆቹ መስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ ይካሄድ የነበረውን የማዕድን ቁፋሮ (ማይኒንግ) ሥርዓቱን ሲተው በሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች ሌት ተቀን ሲሠሩ ከርመው ወደ ገበያ ስለ ተለቀቁ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የሚያልቁት መጀመሪያ ፋኖቹና በሚሞሪው ላይ የሚለጠፉት የሙቀት ማስተላለፊያዎች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ይቀየራሉ። የበለጠ የሚያሳስበው በስም መመሳሰል የሚሸጠው ነው። አርቲኤክስ 3060 በ8 ጊጋባይትም አለ፤ መስመሩ 128 ቢት፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 240 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከላፕቶፕ ቺፕ የተሠራ 6 ጊጋባይት ያለውም አለ። ሳጥኑ ላይ 3060 ስለተባለ ብቻ የሚገዛ ሰው ከላይ የተመሰገነውን ካርድ አያገኝም።

ሰሚት_72

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ12 ጊጋባይቱን እንዲገዛልኝ ለዘመዴ ነግሬዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ሆኖ ምን ማየት እንዳለበት ብትነግሩኝ ጽፌ እልክለታለሁ፤ እርሱ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አያውቅም።

ሽቦና_ብረት

ሻጩ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም እንዲከፍትለት ይጠይቅ። በመስኮቱ ላይ የሚሞሪው መጠን 12288 ሜጋባይት፣ የመስመሩ ስፋት 192 ቢት፣ የሼደሮቹ (የካርዱ ትንንሽ የስሌት ክፍሎች) ቁጥር 3584 መሆን አለበት። 3840 ካለ የላፕቶፕ ቺፕ ነው፤ ይተወው። ባዮሱ ተቀይሮ በሌላ ስም የተሰየመ አሮጌ ካርድ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ሐሰተኛ መሆኑን በስሙ መነሻ ላይ ይጽፋል። ከዚያ አንድ ከባድ ጌም ወይም የመፈተኛ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል ይክፈቱለት፤ በስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም ካሬ ብልጭ የሚል ከሆነ ሚሞሪው ተጎድቷል። በዚያው ሰዓት ፋኖቹ ያለ መንቀጥቀጥ መዞራቸውን ጆሮውን አቅርቦ ይስማ። ብሎኖቹ ላይ ያለው ማኅተም መቀደዱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ተከፍቶ የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታው ተቀይሮለት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ይጠይቅ።

የኃይል ገመዱም ይታይ። አብዛኞቹ የዚህ ካርድ ሞዴሎች አንድ ባለ8 ፒን ገመድ ብቻ ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ 550 ዋት በቂ ነው፣ ገመዱ መኖሩን ግን ዛሬውኑ ኬዙን ከፍተው ያረጋግጡ። ይህንን ለሌሎች አንባቢዎችም እላለሁ፦ ከቢሮ የወጡ አገልግሎት የሰጡ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከ240 እስከ 300 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸውና ይህ ገመድ ስለሌላቸው ከሁለቱ ካርዶች አንዱንም አይቀበሉም፤ ከሳታ (ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ) በሚቀጠል መለወጫ ማስነሣት ደግሞ ገመዱን ሊያቀልጥ ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር የሚሸከመው ሙቀት ከዱባዩ ያንሳል። ባለ አንድ ፋኑን አጭር ሞዴል እንዳይገዛ ይንገሩት፤ ባለ ሁለት ፋን ቢሆን ይመረጣል። ባለ ሁለት ፋኖቹ ርዝመታቸው ወደ 24 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ባለ ሦስቶቹ ወደ 30 ስለሚጠጉ ከፊት ለፊት ካለው የሃርድ ዲስክ ማስቀመጫ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ከኬዙ ጀርባ እስከዚያ ማስቀመጫ ድረስ ያለውን በሜትር ለክተው ቁጥሩን ከመልእክቱ ጋር ይላኩለት።